ስለ ተቆለፈ የእጅ ስልክና ስለ ገዢ መብት

ሰው ጥሮ ግሮ ባገኘው ገንዘብ የገዛው ዕቃ የራሱ ሀብት መሆኑን ማንም አይስተውም። በቅሎ የገዛ ሰው በፈለገው መንገድ ይሄድባታል፤ ባሻው ገበያ ይጭንባታል። ሻጩም ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ ተመልሶ «እኔ በምወደው መንገድ ካልሆነ በቀር በሌላ አትሂድባት» ሊለው አይችልም፤ ቢለውም የሚሰማው ዳኛ አያገኝም። በዘመናችን ግን ይህን የመሰለ ነገር በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ሲደረግ እናያለን። ይህም ዕቃ በባላገሩም በከተሜውም፥ በሹሙም በነጋዴውም እጅ የሚገኘው የእጅ ስልክ ነው።

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚህ ጉዳይ ልንጽፍ ያሰብነው፥ ነገሩ የነጋዴና የጠበብት ብቻ መስሎ ሲታይ ሳለ እውነቱ ግን ወደ ብዙ ቤት ገብቶ እናትንና ልጅን የሚያራርቅ መሆኑን በዓይናችን ስለ ተመለከትን ነው። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ያየነውን ነገር ከመጀመሪያው እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በላይ ጋይንት በንፋስ መውጫ ከተማ በአንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ ተቀምጠን ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ከተማዪቱን አቋርጦ ስለሚሄድ፥ በገበያ ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። በዚያን ቀን አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ከስማዳ ተነሥተው፥ ታች ጋይንትን አልፈው ወደዚያች ሱቅ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱና አንድ የሚያብረቀርቅ ስልክ አውጥተው ለወጣቱ ጠጋኝ ሰጡት።

«ልጄ፥ እስቲ ይህን እይልኝ። ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው። ሲሙን ካገባሁበት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አያውቅም» አሉት።

ወጣቱም ተቀብሎ ጥቂት ከመረመረው በኋላ፥ «እማማ፥ ስልኩ ደኅና ነው፤ አልተሰበረም፤ ውኃም አልገባበትም። ነገር ግን ሎክ ነው፤ ተቆልፏል» ሲል መለሰላቸው።

«እኔ መቼ ቆለፍሁት? ቁልፉንስ የት አየሁት?»

«እርስዎ አይደሉም እማማ። የቆለፈው እዚያው አሜሪካ የሸጠው ኩባንያ ነው። ከእርሱ ሲም በቀር የሌላውን አይቀበልም።»

እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና ኀዘናቸውን አወጡ። ስልኩ እጃቸው ከገባ ሰባት ወር ሆኖታል። ልጃቸው በጎረቤት ስልክ እየደወለች «እማዬ፥ ስልኩ እንዴት ነው?» ስትላቸው፥ ስጦታዋን ማሳፈር መስሎ ስለ ታያቸው፥ ሁልጊዜ «ግሩም ነው፤ እግዜር ይስጥሽ» እያሉ መለሱላት። ስልኩን ግን በነጠላ ጠቅልለው በሣጥን አስቀምጠውታል። ልጅቱ የላከችው በዚያ ስልክ የልጇን መልክ ልታሳያቸው ነበር፤ ሕፃኑም በዚህ መካከል በእግሩ መሄድ ጀመረ። እርስዋም ስልኩ እንደሚሠራ ስለ ተነገራት፥ «እንግዲያው እናቴ የማትደውልልኝ ያለ ሽማግሌ በማግባቴ ቂም ይዛብኝ ይሆናል» ብላ ለአክስቷ መናገር ጀምራለች። እንግዲህ በአንዲት ድብቅ ቁልፍ ምክንያት በእናትና በልጅ መካከል ያልነበረ ቂም ሊበቅል ደርሶ ነበር።

የዚህን ታሪክ ፍጻሜ ወደ ኋላ እናቆየውና፥ አስቀድመን ይህ ቁልፍ ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

የእጅ ስልክ «ተቆልፏል» ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን ቁልፉ አራት ዓይነት ነው፤ አንዱን ከሌላው ያልለየ ሰውም ገንዘቡን በከንቱ ይከስራል። መጀመሪያው ባለቤቱ ራሱ በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚያኖረው የምሥጢር ቁልፍ ነው። ይህ የባለቤቱ ስለ ሆነ ነቀፋ የለበትም። ሁለተኛው በጉግል ወይም በአፕል መዝገብ ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ሳይነሣ ሲቀር የሚያጋጥም ነው። ይህን የሚፈታው የቀድሞው ባለቤት የምሥጢር ቃሉን አግብቶ ስሙን ሲያነሣ ነው። ሦስተኛው ስልኩ ተሰርቋል ወይም ሕገ ወጥ ነው ተብሎ የመታወቂያ ቁጥሩ በተከለከሉ ስልኮች መዝገብ ሲጻፍ የሚመጣ ክልከላ ነው። የመታወቂያ ቁጥር የምንለው እያንዳንዱ ስልክ ለብቻው የሚሰጠው 15 አሐዝ ያለው ቁጥር ሲሆን፥ ኮከብ፥ መሰላል፥ 06፥ መሰላል ተብሎ ሲነካ በስልኩ መስተዋት ላይ ይታያል። አራተኛው ዛሬ የተነሣንበት፥ የኩባንያ ቁልፍ የሚባለው ነው።

የኩባንያው ቁልፍ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሲም በሚባለው ትንሽ ካርድ ውስጥ የአገሩንና የኩባንያውን ማንነት የሚያስታውቅ ቁጥር ተጽፏል፤ የኢትዮጵያ ሲም ቁጥሩ በ636 ይጀምራል። ስልኩ ሲከፈት ይህን ቁጥር ያነብባል። በውስጡ «ከእኔ ወገን በቀር አትቀበል» የሚል ትእዛዝ ከተጻፈበትም ቁጥሩን አነጻጽሮ እንግዳ ሆኖ ሲያገኘው ሲሙን አልቀበልም ይላል። መብራቱ ይበራል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሰዓቱንም ይቈጥራል፤ ስልክነቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሚጎድለው የዕቃ ክፍል የለም፤ የሚጎድለው ፈቃድ ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት አላቸው፤ እርሱንም ማስረዳት ተገቢ ነው። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ኩባንያዎች ውድ ስልክ በጥቂት ገንዘብ ወይም በዱቤ ይሰጡና፥ ደንበኛው የቀረውን ዋጋ ሁለትና ሦስት ዓመት ድረስ በየወሩ እንዲከፍል ይዋዋሉታል። ቁልፉ ደንበኛው ዕዳውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ እንዳይሄድ የሚይዝ ማተሚያ ነው። ዕዳ እስካለ ድረስ ይህን መያዣ ብሎ መቀበል ይቻላል። ጥያቄው የሚነሣው ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ቁልፉ ሳይነሣ ሲቀር፥ ወይም ሲሸጥ መቆለፉ ለገዢው በግልጽ ሳይነገር ሲቀር ነው። መያዣ የተባለ ነገር ዕዳው ሲያልቅ መመለስ አለበት፤ ያልተመለሰ መያዣ ቅሚያ ነውና።

ስለዚህ ነገር በዓለም ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል። በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የድርሰት መብት ሕግ የዲጂታል ቁልፍን መስበር ስለሚከለክል፥ ስልክን ማስከፈትም በዚያው ሕግ ውስጥ የሚገባ ሆነ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስልክ የተለየ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ነገር ግን ፈቃዱ ስላልታደሰ፥ ከጥር 18 ቀን 2005 ዓ.ም. በኋላ የተሸጠን አዲስ ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት በሕግ የተከለከለ ሆነ። በዚህ ጊዜ ከ114,000 የሚበልጡ ሰዎች ለፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት አቤቱታ ፈረሙ። አቤቱታውም ፍሬ አግኝቶ ሐምሌ 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ በፈረሙት ሕግ፥ ባለቤቱ ስልኩን ራሱ ሊከፍት ወይም ሌላውን ሰው ሊያስከፍት እንዲችል ተፈቀደለት። ከዚህም ሕግ አስቀድሞ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ዕዳውን የጨረሰ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ስልኩን ሊከፍቱለት፥ የአከፋፈቱንም ደንብ በግልጽ ጽፈው ሊያስታውቁ ቃል ገብተው ነበር።

ካናዳ ከዚህ አልፋ ሄደች። በዚያ አገር ኩባንያዎች በ2016 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ ስልክ ስለ መክፈት ከሕዝቡ 37.7 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሰብስበው እንደ ነበር ታወቀ። የአገሪቱም የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ይህን ከተመለከተ በኋላ፥ ከኅዳር 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዲሸጥ፥ ከዚያ በፊት የተሸጠውም ያለ ክፍያ እንዲከፈት አዘዘ። በእንግሊዝም የቆለፉትን ስልክ መሸጥ ከታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኩባንያዎች ተከለከለ። እንግዲህ ታላላቅ መንግሥታት ይህን ነገር እንደ ተራ ነገር አልቆጠሩትም፤ ሕግ አውጥተውለታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በኢትዮጵያ የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ በኋላ ለሀያ ዓመታትና ከዚያም በላይ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ይህም ድርጅት ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሏል። ሌላ የሚሄዱበት በር ከሌለ በሩን መቆለፍ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ነጋዴው ከውጭ አገር የሚያስመጣው ስልክ ከቀድሞ ጀምሮ ክፍት ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክም በገበያችን እጅግ የተለመደ ነው።

ሆኖም በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሕዝቡን ያስደነገጠ አንድ ሌላ ክልከላ መጥቶ ነበር። ይኸውም ከላይ ሦስተኛ ብለን የቆጠርነው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የስልኮችን የመታወቂያ ቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት አቆመ። ከዚያን ጊዜ በኋላም በቀረጥ በር ሳይመዘገብ የገባ አዲስ ስልክና ቁጥሩ ሐሰተኛ የሆነ ስልክ አገልግሎት እንዳያገኝ ተደረገ። ዓላማው ኮንትሮባንድን፥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃንና የስልክ ሌብነትን መከላከል ስለ ነበረ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን ሐሰተኛ መሆኑን ሳያውቅ በገበያ የገዛው ባላገርና ከዘመዱ ስጦታ የተቀበለው ሰው ከአጥፊው ጋር አብሮ ተጎዳ። ቆይቶ ያ ግዴታ ተነሥቷል፤ ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባም። ሻጩ ያጠፋውን ጥፋት ገዢው እንዳይከፍል፥ አስቀድሞ መጠየቅና ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ በሩ ሁለት ሆኗል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ከዚህ ወዲህ በ09 የሚጀምር ቁጥርና በ07 የሚጀምር ቁጥር ጎን ለጎን መያዝ ተችሏል። እንደ ጋይንት፥ እንደ ስማዳና እንደ እስቴ ባለ ደጋና ቈላ በተፈራረቀበት አገር ይህ ምርጫ ታላቅ ነገር ነው። በጉና ተራራ ግርጌ ያለውና ወደ በሽሎ ሸለቆ የወረደው ሰው አንዱ መስመር ባይደርስለት ሌላው ሊደርስለት ይችላልና። ክፍት ስልክ የያዘ ሰው ይህን ምርጫ በጥቂት ብር ሲም ያገኘዋል፤ የተቆለፈ ስልክ የያዘ ግን ምርጫው በሌላ እጅ ነው።

ዱቤውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በጎረቤታችን በኬንያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልክ በየቀኑ በሚከፈል ጥቂት ገንዘብ በዱቤ ይሸጣል፤ ደንበኛው መክፈል ሲያቆምም ስልኩ ከሩቅ ይቆለፋል። ይህ ንግድ ድኻውን ባለ ስልክ ስለሚያደርግ መልካምነት አለው። በአገራችንም በዱቤ ስልክ የሚወስድ ሰው ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደሚሆን፥ ቁልፉ መቼ እንደሚነሣ፥ ማን እንደሚያነሣው በጽሑፍ ሳይነገረው ጣቱን ወይም ፊርማውን ሊያኖር አይገባም።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ገዢውን ባዶ እጁን አልተወውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፥ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፥ አማርጦ የመግዛት፥ ዋጋ በመጠየቁ ወይም አማርጦ በማየቱ እንዲገዛ ያለ መገደድ፥ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ ወዲያው እንዲሰጥም አዝዟል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችልም አመልክቷል። እንግዲህ የተቆለፈን ስልክ «ክፍት ነው» ብሎ የሸጠ ወይም መቆለፉን ደብቆ የሸጠ ነጋዴ ትክክለኛ መግለጫ ሰጥቷል ሊባል አይቻልም። ስለ ስልክ አገልግሎቱ ደግሞ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ደንበኛ በአገልግሎቱ ቅር ሲሰኝ አስቀድሞ ለኩባንያው ያመለክታል፤ መልስ ካጣ ወደ ባለሥልጣኑ አቤት ይላል።

ነገር ግን ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ቢቀመጥ የሚያስፈጽመው ሰው ካልተገኘ ዋጋ የለውም። በወረዳና በዞን የንግድ ጽሕፈት ቤት የተቀመጣችሁ፥ በፍርድ ወንበርም ያላችሁ አንባብያን፥ አንድ ባላገር ስልክ ይዞ ቢመጣ ነገሩን የልጅ መጫወቻ አድርጋችሁ አትናቁት። ያ ስልክ ምናልባት በሬ ሸጦ የገዛው ይሆናል። ገንዘቡን የሚቀበልበት፥ ልጁ የምትደውልበት፥ በታመመም ጊዜ የሚጣራበት እርሱ ብቻ ነውና።

አሁን ለየቤተ ሰቡ የሚጠቅመውን ምክር በአጭሩ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፤ በውጭ አገር ያላችሁ ልጆችና ዘመዶች ስልክ ስትገዙ ከመጀመሪያው ክፍት የሆነውን ግዙ። በዱቤ የወሰዳችሁት ከሆነ ዕዳውን ጨርሳችሁ ኩባንያው እንዲከፍተው ጠይቁ፤ ሳይከፈትም አትላኩት። ከእናንተ በቀር ኩባንያው የሚያውቀው ሰው የለምና፥ እናት ከስማዳ ሆና ልትጠይቀው አይቻላትም።

ሁለተኛ፤ ከመላካችሁ በፊት የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብታችሁ ፈትኑት። በአይፎን ስልክ «ስለ ስልኩ» በሚለው ገጽ ላይ የሲም ገደብ የሌለበት መሆኑ ተጽፎ ይታያል። በስልኩ የተመዘገበውንም የራሳችሁን ስም አንሡ።

ሦስተኛ፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ስልኮች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚቀበሉት ኢሲም የሚባለውን ካርድ አልባ ሲም ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ባለበት አገር ይህ አገልግሎት በቅርብ የሚገኝ መሆኑን ሳትጠይቁ አትላኩ።

አራተኛ፤ በአገር ውስጥ ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ሰዎች በሻጩ ፊት የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉበት። የመታወቂያ ቁጥሩን በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ቁጥሩም የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ዋጋው እጅግ የረከሰ ስልክ ብዙ ጊዜ የተሰረቀ ወይም የተቆለፈ ነው።

አምስተኛ፤ የተቆለፈውን ስልክ በጉልበት ለማስከፈት አትቸኩሉ። ያልተፈቀደ ፕሮግራም የተጫነበት ስልክ ጨርሶ ሊሞት ይችላል፤ በውስጡ ያለውም ምሥጢር በሌላ እጅ ይወድቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

ስድስተኛ፤ ስጦታው ባይሠራ ለላኪው በግልጽ ንገሩት። ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ ዝምታው ይበልጥ ይጎዳል።

ወደ እናቲቱ ታሪክ እንመለስ። ያ ወጣት ጠጋኝ ብዙዎች እንደሚያደርጉት «ጥቂት ብር ያምጡና ልሞክረው» ሊላቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን አላለም። «እማማ፥ እኔ በጉልበት ብከፍተው ልገድለው እችላለሁ። ቁልፉ ያለው ከልጅዎ ዘንድ ነው፤ ለእርስዋ እንንገራት» አለና፥ በራሱ ስልክ ደወለላት። ልጅቱም ነገሩን በሰማች ጊዜ ስልኩን በወር በወር ክፍያ እንደ ወሰደችው፥ ዕዳውም ገና እንዳላለቀ ተናገረች። ሲሸጡላት ከውጭ አገር እንደማይሠራ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እርስዋም አልጠየቀችም። የቀረውን ዕዳ ከፍላ እስክትጨርስ ሦስት ወር ፈጀባት። ከዚያም ኩባንያው ጥያቄዋን ተቀብሎ ስልኩን ፈቀደ።

እናቲቱ ሁለተኛ ወደ ንፋስ መውጫ በመጡ ጊዜ፥ ወጣቱ ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ የአገራቸውን ሲም አስገባበት፤ ቁልፉም ያለ አንዳች ድካም ተነሣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው መልክ በመስተዋቱ ላይ ታየ።

«ምነው እማዬ፥ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ሸሸግሽኝ?» አለች ልጅቱ።

«ስጦታሽን አላሳፍር ብዬ ነው ልጄ» አሉ እናቲቱ። ቀጥለውም ሕፃኑን «ና እስቲ፥ በእግርህ ሂድና አሳየኝ» አሉት።

ለጠጋኙ ዋጋ ሊከፍሉት ቢያወጡ «ምንም አልሠራሁምና አልቀበልም» አላቸው፤ እርሳቸውም መርቀውት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስልኩ ዛሬ በሣጥን ውስጥ አይደለም፤ በመቀነታቸው ነው። ከመግዛታችንና ከመላካችን በፊት አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ፥ አሥር ወር የፈጀው ነገር በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።